አፎት የሌለው የደጅ ዘብ ሰይፍ

እኔ ሲላስ ደንሞር፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር የቤከርስ ላንዲንግ ከተማ ነዋሪ፣ የሰማንያ ሰባት ዓመት ሽማግሌ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኖቬምበር 9 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን የመጨረሻ ቃሌን አስጽፋለሁ። ሳንባዬ ከድቶኛል፤ ጉልበቴም ተከትሎታል። አእምሮዬ ግን በቦታው ነው። ያስገደደኝም የለም፤ በዕድሜዬ ሊያስገድዱኝ የሞከሩት ብዙዎች ነበሩ፣ አብዛኞቹን ቀብሬአለሁ።

ቃሌን የምትጽፈው ጠበቃዬ ወይዘሪት ባስኪን ናት። እኔ የምለውን ብቻ ሳይሆን በዚህ ክፍል ውስጥ ሌላው የሚለውንም እንድትጽፍ አዝዣታለሁ፤ ነገ ከነገ ወዲያ «አባታችን እንዲህ አላለም» የሚል እንዳይነሣ። በፊቴ ያሉት ወንዱ ልጄ አምብሮስ፣ ሴቷ ልጄ ቬርኔታ፣ የምታስታምመኝ ነርስ ዶሎረስ ፒም፣ እንዲሁም ለምስክርነት የጠራኋቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ወንድም ኦተስ ግሪንሊ፣ የስልሳ ዓመት ባልንጀራዬ ነው። ሁለተኛው ዌስሊ ሆከት፣ ከአደባባዩ ማዶ ያለው የነጮቹ የፍሪሜሶን፣ በመሐላ የተሳሰረ የወንድማማቾች ማኅበር፣ አለቃ ነው። ለምን እንደ ጠራሁት ልጆቼ አያውቁም። አምብሮስ ወንበር ሊያቀርብለት ሲል ከለከልሁ፤ ቆሞ ይስማ።

ቤቱን ከነጓሮው ለቬርኔታ አውርሻለሁ። ያጠበችኝ፣ ያጎረሰችኝ፣ ስሳደብም መልሳ የሰደበችኝ እርሷ ናት። የቄራ ቢላዎቼንም ከነመሳያቸው ለእርሷ ሰጥቻለሁ። ዕድሜ ልኬን አሳማ የበለትሁባቸው ናቸው፤ ዛሬም ጢም ይላጫሉ።

«ቢላ ለሴት ልጅ ያወረሰ አባት ደግሞ ዛሬ ገና አየሁ» አለ ኦተስ ከጥግ።

«አምብሮስ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ምን ያድርግባቸው?» አልሁት።

«እሱስ እውነት ነው» አለች ቬርኔታ። ወንድሟ ገላመጣት።

ለአምብሮስ ከወንዙ በላይ ያለውን መሬትና ጭነት መኪናዬን ሰጥቻለሁ። ልጄ ሆይ፣ አንተ ዛሬ የእኛ የጥቁሮቹ ፍሪሜሶን ማኅበር አለቃ ነህ፤ በዚህም ኮርቻለሁ። ሰላም ትወዳለህ፤ ሰላም መውደድ ነውር አይደለም። ነገር ግን በር ከመክፈትህ በፊት ያንኳኳውን እወቅ።

ጀልባዬን ለኦተስ ላወርስ አስቤ ነበር። ጠበቃዋ ግን በኑዛዜ ላይ ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው አንዳች አይወርስም ብላኛለች።

«እንዴ! ታዲያ ጀልባዋስ?» አለ ኦተስ ብድግ ብሎ።

«ምስክር ነህ፤ ጀልባ የለህም።»

«ይኼን ሳትነግረኝ ነዋ ጎትተህ ያመጣኸኝ! ስልሳ ዓመት አታለልኸኝ፣ ሞትህ ደርሶ እንኳ አትተወኝም?»

«ደግሞ ሦስቴ ነው ያሰመጥሃት። አምብሮስ ይውሰዳት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንተን ጭኖ ዓሣ ያጥምድ። ይህንንም ጻፊው፣ ወይዘሪት ባስኪን።» ተጽፏል።

የገንዘብ ዕዳ ለማንም የለብኝም። ለእኔ ያልተከፈለኝ ግን የደም ዕዳ አለ፤ የቀረው ቃሌ ሁሉ ስለ እርሱ ነው። ልጆቼ ከፊሉን ያውቁታል፤ ዌስሊ ሆከት ሁሉን ይስማ።

በ1931 እ.ኤ.አ. ታላቅ ወንድሜ ሉሸስ የማኅበራችን አለቃ ነበር፤ እኔ ወጣቱ የደጅ ዘብ ነበርሁ። የደጅ ዘብ ማለት ማኅበሩ በር ዘግቶ ሲሰበሰብ ከውጭ፣ ከደረጃው ራስ ላይ፣ ሰይፍ ይዞ የሚቆም ሰው ነው። ሰይፉ አፎት የለውም፤ እንዲኖረውም አይፈቀድም፤ ዘብ ሰይፉን የከተተ ዕለት ዘብ መሆኑ ቀርቷል። እኛና ከአደባባዩ ማዶ ያሉት ነጮች አንድ ዓይነት መሐላ እንምላለን፣ አንድ ዓይነት ነጭ የግንበኛ ሽርጥ እንታጠቃለን፣ የግንበኛውን ማዕዘን መለኪያ ስኳድራና ኮምፓሱንም እኩል ቀለበታችን ላይ እንቀርጻለን። እነርሱ ግን ዕውቅና ነፍገውን «ሐሰተኛ ማኅበር» ሲሉን ኖሩ። የአባቶቻችን የማኅበር ማቋቋሚያ ፈቃድ ከእንግሊዝ አገር ባሕር ተሻግሮ የመጣ መሆኑን ብንነግራቸው ይስቁብን ነበር።

በዚያ ዓመት ቄራው ውስጥ አድማ ተነሣ። በጥቁሮቹ አዳራሽ ጠመንጃ ተከማችቷል የሚል ወሬ ተነዛ። በአዳራሹ የነበረው መሣሪያ በእጄ ያለው ሰይፍ ብቻ ነበር። ሜሶኖች በሰኔ በሚያከብሩት በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጥረቢያና የጋዝ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ፊታቸውን እንኳ አልሸፈኑም፤ ማንን ፈርተው?

ፊት ለፊት የወጣውን እጁን መታሁት፤ ጣቶቹ ደረጃው ላይ ወደቁ። ተከታዩን ጉንጩን ከጆሮው እስከ አገጩ ሰነጠቅሁት። ሦስተኛው በብረት ዘንግ ግራ ትከሻዬን ሰበረው፤ ወድቄ እየረገጡኝ አለፉ። በዚህ መካከል የማኅበሩ ሰዎች በጓሮ ደረጃ ወርደው አመለጡ። ሉሸስ ግን እኔን ፍለጋ በፊት በር ወጣ።

«ሉሸስ፣ በጓሮ ውረድ! እኔን ተወኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ቆይ እስቲ፣ ሲላስ» አለኝ። «ይኼ ሰውዬ እኮ የማኅበር ወንድም ነው፤ ቀለበቱን አየሁት።»

ሰውዬው ሀርላን ሆከት ነበር፣ እዚህ የቆመው የዌስሊ አያት። በእጁ ሽጉጥ፣ በጣቱ የእኛኑ ቀለበት አድርጓል። በማኅበራችን ሕግ አንድ ሜሶን ሞት ሲያንዣብብበት የሚያሳየው የጭንቅ ምልክት አለ። ምልክቱን እዚህ አልገልጸውም፤ መሐላ አለብኝ። ያየ ሜሶን ግን ነፍሱን እስኪሰጥ ድረስ ሊደርስለት ግዴታ አለበት። ወንድሜ ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ስሕተቱም ማወቁ ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ ሮጬ አመልጥ ነበር። እርሱ ግን ደረጃው ራስ ላይ ቆመ፣ እጆቹን አነሣ፣ ምልክቱን አሳየ።

ሀርላን ሆከት ዐወቀው። ፊቱ ዐመድ ሲመስል ከእግሩ ሥር ተጋድሜ አይቻለሁ፤ ሽጉጡም ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ከኋላው ያሉት ዝምታውን አዩ፣ እርሱም ማየታቸውን አየ።

«ይኼን ደግሞ ከየት ሰረቅኸው፣ አንተ?» አለና ሉሸስ ባነሣቸው እጆች መካከል ተኮሰበት።

ሉሸስ ወዲያው አልሞተም። ሀርላን የአለቃነቱን ምልክት፣ የብር ስኳድራውን፣ ከአንገቱ በጠሰው፤ ሽርጡን ቀዶ የጫማውን ደም ጠረገበት። ከዚያ በእግሩ ጎትተው ወደ ታች አወረዱት፤ ራሱ በየደረጃው ሲመታ ያለው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አዳራሹን አቃጠሉት። ዳኛ ፊት የቀረበ አንድም ሰው የለም። ሉሸስን ያለ ሽርጥ ቀበርነው፤ ለሜሶን ይህ ያለ ከፈን እንደ መቀበር ነው።

«አባባ፣ ግፊትዎ ወጥቷል፤ ትንሽ ይረፉ» አለች ዶሎረስ።

«ሲወርድ እሞታለሁ፤ ተይው ይውጣ» አልኋት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀርላን አሳማ ሊሸጥ ቄራችን መጣ። ከሰዎች ጋር ሲሳሳቅ አገኘሁት። የሚዘዋወረውን ሰንሰለት መንጠቆ ይዤ በካፖርቱ ጀርባ ሰካሁበት። ሰንሰለቱ አነሣው፤ በተሰቀሉት አሳማዎች መካከል እየተንፈራገጠ፣ እንደ እነርሱ እየጮኸ፣ ፀጉር ወደሚነጭበት ወደ ፈላው ውኃ ገንዳ ሄደ። የሥራው ኃላፊ ሰንሰለቱን ያቆመው ጫማው እንፋሎቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ታሰርሁበት። ተጸጽቼ እንደሆን ትጠይቁኝ ይሆናል። የተጸጸትሁት ሰንሰለቱ ቀርፋፋ በመሆኑ ነው።

አምብሮስ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበር፤ በትምህርት ቤት «የእስረኛ ልጅ» እያሉ ጥርሱን አረገፉት። ሰላም የሚወደው ከዚያ ወዲህ ነው፤ አልፈርድበትም። ያን ዕዳ ግን ልጄ መክፈሉ ያንገበግበኛል።

ሀርላን ሆከት አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ። ነጭ ሽርጡ በሣጥኑ ላይ ተነጥፎ፣ ወንድሞቹ የለመለመ ቅጠል እየጣሉበት በክብር ተቀበረ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ነገር እመጣለሁ። በጸደይ የነጮቹ የበላይ ማኅበር ተሰብስቦ ለእኛ ዕውቅና ይሰጥ ብሎ በድምፅ ወሰነ። የእኛም የበላይ ማኅበር ተቀበለ። አምብሮስ ደስ ብሎት ሊነግረኝ መጣ።

«አባባ፣ ተሳካ እኮ! ከእንግዲህ እነሱ ከእኛ ጋር፣ እኛም ከእነሱ ጋር መሰብሰብ እንችላለን።»

«ትናንት ሐሰተኛ ነበርን፤ ዛሬ እጅ ስላወጡ እውነተኛ ሆንን?»

«እንዲህ አይበሉ እንጂ። የሞቱት ሞተዋል።»

«ሞተዋል አትበለኝ፤ ተገድለዋል በለኝ።»

በሴፕቴምበር አምብሮስ ሳይነግረኝ የማዶውን ማኅበር አለቃ ለስብሰባችን ጋበዘው። እኔ በበሰበሰው ሳንባዬ እንኳ የደጅ ዘብነቴን አልለቀቅሁም ነበር፤ በድሮው ቦታ በተሠራው አዳራሽ፣ ደረጃው ራስ ላይ፣ ሰይፌን ይዤ ቆሜአለሁ። አንድ ነጭ ሰው ብቻውን ሲወጣ አየሁ። አገጩ የሀርላን ሆከት አገጭ ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?» አልሁት።

«ዌስሊ ሆከት እባላለሁ፣ ጌታዬ። የሀርላን ሆከት የልጅ ልጅ ነኝ።»

ሰይፉን ጉሮሮው ላይ አኖርሁት። አላስፈራራሁትም፤ ልገድለው ነበር። ጫፉ ቆዳውን በስቶ ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ወደ ኋላ እያፈገፈገ የደረጃው መደገፊያ ላይ ደረሰ፤ አንድ ግፊት ብቻ ቀርቶኛል፣ ከዚያ አንገቱ ታች ሲሚንቶው ላይ ይሰበራል። ዓይኔ ሉሸስን እንጂ እርሱን አያይም ነበር። ያን ጊዜ ዌስሊ ሆከት እጆቹን አነሣና ያንኑ ምልክት አሳየኝ።

ወንድሜ በቆመበት ደረጃ፣ ለአያቱ ያሳየውን ምልክት፣ ለእኔ አሳየኝ። ክንዴ ወረደ። እኔ አላወረድሁትም፤ መሐላው አወረደው። ስልሳ አምስት ዓመት የጠበቅሁት ደም በእጄ ገብቶ ሳለ ክንዴ ከዳኝ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ፣ እያለቀስሁም ሰደብሁት። ይቅር ስላልሁት አይደለም። ወንድሜ ያመነው ሕግ እውነት እንዲሆን ቢያንስ አንድ ሰው ሊጠብቀው ይገባ ስለ ነበረ ነው።

ዌስሊ ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው። የሉሸስ የብር ስኳድራ ነበር።

«አያቴ ሳሎን ውስጥ ከአጋዘን ቀንድ ጋር ሰቅሎት ነበር» አለ። «ከሌባ የቀማሁት ነው ይለን ነበር። እኔ ራሴ ሜሶን ሆኜ አለቃነት እስክይዝ ድረስ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ሲገባኝ እዚያ ግድግዳ ላይ ላየው አልቻልሁም።»

አምብሮስ በሩን ከፍቶ ደሙን ሲያይ ጮኸ። እኔ ግን ተነሥቼ በማኅበሩ ፊት ተቃወምሁ። በሕጋችን አንድ አባል እንኳ «ይህ እንግዳ ሲገባ እኔ አልቀመጥም» ካለ እንግዳው አይገባም፤ ምክንያትም አይጠየቅም። ዌስሊ ሆከት ያን ቀን አልገባም፤ ከዚያም ወዲህ አልገባም። ይህ ተቃውሞ ከእኔ ጋር እንደሚሞት ዐውቃለሁ፤ የሞተ ሰው ድምፅ የለውም። በዚህ ቤት ሁሉም ያንን እንደሚጠብቅ ዐውቃለሁ።

«እኔ አልጠብቅም፣ አባባ» አለ አምብሮስ።

«አትዋሽ፤ አባትህ ሞኝ አይደለም።»

ስለዚህ እንዲህ ብዬ አዝዣለሁ። የራሴን ነጭ ሽርጥ በእኔ ሣጥን ላይ አታንጥፉ። የሉሸስን መቃብር ከፍታችሁ ሽርጤን ከብር ስኳድራው ጋር አኑሩለት። እኔ ያለ ሽርጥ እሄዳለሁ፤ ዕድሜዬን ሁሉ ከበር ውጭ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ እዚያም ቢያስቆሙኝ አይገርመኝም። ቬርኔታ አለቀሰች፤ ይህም ይጻፍ።

ሰይፉን ለዌስሊ ሆከት አውርሻለሁ።

«ምን?» አለ ኦተስ። «በዚያ በደንቆሮው ጆሮዬ ነው መሰል የሰማሁት።»

አምብሮስ ከተቀመጠበት ተነሣ። «አባባ፣ እኔ ይግባ ስል እምቢ ብለው ሰው ፊት ሲያዋርዱኝ ከረሙ፤ አሁን የአጎቴን ደም ያየውን ሰይፍ ለሆከት ልጅ ይሰጡታል?»

«ይግባ መቼ አልሁ?» አልሁት። «ውጭ ይቁም ነው ያልሁት።»

የደጅ ዘብ የማኅበሩ አባል መሆን ግድ የለበትም፤ ይህን ሕግ አምብሮስ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ስብሰባ ተዘግቶ ሳለ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የሚባለውን አይሰማም፤ ከደረጃው ራስ ላይ ሆኖ የሚመጣውን ይመልሳል። ዌስሊ ሆከት፣ ሰይፌን የወረስኸው በዚህ ግዴታ ነው። ማኅበራችን በተሰበሰበ ቁጥር ወንድሜ በተገደለበት ቦታ ቆመህ በሩን ትጠብቃለህ። ባለፈው ወር የአዳራሹን መስኮት በድንጋይ የሰበሩትን አንተ ታውቃቸዋለህ፤ ከመካከላቸው የአጎቶችህ ልጆች አሉ። ሌላ ቀን መጥረቢያ ይዘው ቢወጡ መጀመሪያ የሚያገኙት የእኛን ልጆች አይሁን፤ የራሳቸውን መልክ ያግኙ። ያን ጊዜ ሰይፉን ታነሣለህ ወይስ ዝቅ ታደርጋለህ? አያትህ ከኋላው የሚያዩትን ፈርቶ ነው የተኮሰው። አንተንም ያዩሃል።

ዌስሊ የባርኔጣውን ጠርዝ አሻሸ። «እስከ መቼ ነው፣ አቶ ደንሞር?»

«ማኅበሩ በገዛ ፈቃዱ ግባ እስኪልህ። መቼ እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ እኔ አልኖርም።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነበር የመጣሁት።»

«ይቅርታህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። እኔ የምፈልገው ዘብ ነው።»

እዚህ ላይ ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አነሣች። «አቶ ሆከት፣ ወራሽ ምስክር መሆን እንደማይችል ቅድም ሰምተዋል። ምስክር ሆነው ከፈረሙ ሰይፉ አይደርስዎትም፤ ይሄዳሉ፣ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ማንም አይወቅስዎትም። የትኛውን ልጻፍ?»

ስለዚህ ነው ለምስክርነት የጠራሁት፤ መውጫ በር እንዲኖረው። ለሉሸስም የጓሮው ደረጃ ክፍት ነበረ። ዌስሊ ሆከት ጉሮሮው ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቱ ነካ፤ ልጄን አየ፣ እኔን አየ።

«ከምስክሮቹ ስሜን ይሰርዙት» አለ።

አምብሮስ፣ አሁን ወንበር ስጠው።

ይህን ቃሌን ተነቦልኝ ሰምቼ፣ ከዚህ የሚጨመርም የሚቀነስም እንደሌለ አረጋግጬ በቀኝ እጄ ፈርሜአለሁ። ግራው አይነሣም።

ተናዛዥ፦ ሲላስ ደንሞር (ፊርማ)

አንደኛ ምስክር፦ ኦተስ ግሪንሊ (ፊርማ)፤ ጀልባዋን ያጣሁ መሆኔ ይታወቅልኝ።

ሁለተኛ ምስክር፦ ዌስሊ ሆከት — በራሱ ጥያቄ ተሰርዟል። በምትኩ ዶሎረስ ፒም፣ ነርስ (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ኮርኔሊያ ባስኪን፣ ጠበቃ (ፊርማ)

ሰይፉን ከነግዴታው የተቀበለ፦ ዌስሊ ሆከት፣ የደጅ ዘብ (ፊርማ)